ከጎንደር ሆኖ የትምህርት ፖሊሲና አመራር ማስተርስ መማር፦ ከማመልከቻ እስከ ሥራ

የመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ከደመወዝ ቀጥሎ የሚወራው ማስተርስ ነው። «ምን ልማር?» ብሎ የጠየቀ ሰው «ሊደርሺፕ ተማር፣ ቀላል ነው» የሚል መካሪ አያጣም። በዚህ ምክር የገባ ሰው ብዙ ጊዜ የሦስት የአመራር ስልት ስም ብቻ ይዞ ይወጣል፦ ዲሞክራቲክ፣ አውቶክራቲክ፣ ሌሴ ፌር። ወረቀቱ ፋይል ውስጥ ይገባል። ሰውየውም ወደዚያው ክፍል ይመለሳል።

ትምህርቱ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ሥራ ላይ ያለ ሰው የሚማረው ትምህርት ስለሆነ ነው። ከሥራው ጥያቄ ይዞ ላልገባ ሰው ብዙ አይሰጥም። ስለዚህ ከታች ያለውን ስታነቡ አንድ ነገር አብራችሁ ያዙ፦ እኔን የሚያንገበግበኝ የትኛው የትምህርት ችግር ነው? አዘዞ ወይም ቆላድባ ላይ በዓይናችሁ ያያችሁት ይሁን። ማመልከቻውም፣ የመመረቂያ ጥናቱ (ቴሲሱ)ም፣ የሥራ ቃለ መጠይቁም ዞሮ ዞሮ የሚጠይቃችሁ ይህንኑ ነው።

አንደኛ፦ ፖሊሲና አመራርን ለዩ

ሁለቱ አብረው ስለሚጠሩ አንድ ይመስላሉ። ሥራቸው ግን ይለያያል። አመራር ከሰው ጋር ነው። ር/መምህር፣ ሱፐርቫይዘር፣ የጉድኝት ማዕከል አስተባባሪ ሆናችሁ መምህርን ማብቃት፣ ወላጅን ማሳመን፣ ግጭት መፍታት። ፖሊሲ ደግሞ ከሰነድ፣ ከቁጥርና ከበጀት ጋር ነው። ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ ዞን መምሪያ፣ ባሕር ዳር ያለው የክልሉ ትምህርት ቢሮ፣ ሚኒስቴሩ፣ ወይም ትምህርት ላይ የሚሠራ ድርጅት ውስጥ ዕቅድ ማውጣት፣ መረጃ መተንተን፣ የተሠራው ሥራ ለውጥ ማምጣቱን መለካት።

የቱ እንደሚስማማችሁ ለማወቅ ይህን ሞክሩ። የትምህርት ቤታችሁ የሒሳብ ውጤት ወደቀ እንበል። መጀመሪያ የሚመጣላችሁ የሒሳብ መምህራኑን ሰብስቦ ማነጋገር ከሆነ ልባችሁ ያለው አመራር ላይ ነው። «ቆይ፣ የሌሎቹ ትምህርት ቤቶችስ? አምናስ ስንት ነበር?» ብላችሁ መዝገብ ፍለጋ ከተነሳችሁ ደግሞ ፖሊሲ ይሻላችኋል። ሁለቱንም የሚችል ሰው አለ፤ ማመልከቻ ላይ ግን አንዱን መምረጥ ግድ ነው።

በነገራችን ላይ ጎንደር የአብነት ትምህርት አገር ናት። የኔታ ያስተምራሉ፣ ይፈትናሉ፣ ጉባኤውንም ይመራሉ። የዘመናዊው ትምህርት ቤት ር/መምህር ግን ሪፖርት፣ ስብሰባና የግንባታ ኮሚቴ ውጦት ክፍል የሚገባበት ቀን ጥቂት ነው። በአመራር ጥናት ውስጥ ትልቅ ቦታ የያዘው ሐሳብም የመሪው ዋና ሥራ መማር ማስተማሩን ማሻሻል ነው የሚል ነው። ይህን ሐሳብ ክፍል ውስጥ በፅንሰ ሐሳብ ስም ታገኙታላችሁ። የኔታ ፊት ቁጭ ብሎ ፊደል የቆጠረ ሰው ግን አዲስ አይሆንበትም።

ሁለተኛ፦ ከማመልከታችሁ በፊት አንድ ዓመት ሥሩ

ብዙው ሰው ይህን ዓመት ይዘላል። እኔ ግን ከሁሉ በላይ ዋጋ ያለው እሱ ነው እላለሁ።

ከሰነድ ጀምሩ። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ለሦስት አሥርተ ዓመታት ገደማ አገሪቱን ያስተማረ ነው። ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋ የተማሩት፣ 8ኛና 10ኛ ክፍል መሻገሪያ የሆኑት በእሱ ነው። በ2015 ዓ.ም የጸደቀው አዲሱ ፖሊሲ አደረጃጀቱን ወደ 6፣ 2፣ 4 ቀየረው። አንደኛ ደረጃ 6 ዓመት፣ መካከለኛ 2፣ ሁለተኛ ደረጃ 4፤ ከፊት ደግሞ የ2 ዓመት ቅድመ አንደኛ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጡና ምን እንደተለወጠ፣ ለምን እንደተለወጠ፣ እናንተ ትምህርት ቤት ምን እንደደረሰ በአንድ ገጽ ጻፉ። ይህች ገጽ ኋላ ለማመልከቻ ትሆናችኋለች።

ቀጥሎ ቁጥር። የትምህርት ሚኒስቴርን ዓመታዊ የስታቲስቲክስ መጽሐፍ አንድ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር ግለጡት። ጥቅል ተሳትፎና ንጥር ተሳትፎን ሳያምታቱ መናገር መቻል አለባችሁ። ጥቅል ተሳትፎ ዕድሜው ያለፈውንም ያልደረሰውንም ተማሪ ይቆጥራል። ስለዚህ ከ100 በመቶ ሊያልፍ ይችላል። ንጥር ተሳትፎ ግን በዕድሜው የሚማረውን ብቻ ስለሚወስድ 100ን አያልፍም። «ወረዳችን 105 በመቶ ደርሷል» ተብሎ ሲጨበጨብ፣ ትርፉ ክፍል የደገመና ዘግይቶ የገባ ልጅ ሊሆን እንደሚችል የሚያውቅ ሰው ነው የፖሊሲ ሰው የሚባለው።

ከቁጥር ጀርባ ያለውን ጥያቄ ማየትም ተለማመዱ። የ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ፈተናውን በ2015 መጀመሪያ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ተፈተኑ። ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። አገር ደነገጠ። ከዚያ ማለፊያ ላላመጡት የማካካሻ ትምህርት የሚሰጠው የሬሜዲያል ፕሮግራም መጣ። ተራው ሰው «ትምህርት ሞተ» አለ። የፖሊሲ ተማሪ ግን ይጠይቃል፦ ከዚያ በፊት የነበረው ውጤት ምን ያህሉ ኩረጃ ነበር? ምን ያህሉ የማስተማር ጉድለት ነው? ሬሜዲያል የሚያክመው የ12ኛ ክፍልን ችግር ነው ወይስ 2ኛ ክፍል ላይ ማንበብ ሳይችል ያለፈውን ልጅ? መልስ ባይኖራችሁም ጥያቄውን መያዛችሁ ይበቃል።

ሦስተኛው ኃላፊነት ነው። የምክትልነት ወንበር እስኪመጣ አትጠብቁ። የትምህርት ቤት ማሻሻያ ኮሚቴ ውስጥ ግቡ። ኢንስፔክሽን ሲመጣ አስጎብኚ ብቻ ሳትሆኑ ግብዓት፣ ሂደት፣ ውጤት እየተባለ እንዴት ነጥብ እንደሚሰጥ ተከታተሉ። ትምህርት ቤታችሁ ደረጃ 2 ላይ ከቆመ ወደ 3 ያላሻገረው የትኛው መስፈርት እንደሆነ በዝርዝር እወቁ። የድጎማ በጀት እንዴት እንደሚከፋፈል፣ የወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረት ምን እንደሚወስን እዩ። ለትምህርት ቤቱ ኢሚስ ቅጽ (የትምህርት መረጃ መሰብሰቢያውን) የሚሞላው ሰው ሥራ በዝቶበት ሲማረር አግዙት። ቁጥሩ ከየት እንደሚመጣና የት ላይ እንደሚበላሽ የምታዩት እዚያ ነው።

ሦስተኛ፦ የት ልማር?

ቅርባችሁ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ነው። ስሙ በጤናው የገነነ ቢሆንም ትምህርት ኮሌጅም አለው። የጤናው ስም ደግሞ ይጠቅማችኋል፤ ስታቲስቲክስ የሚያውቅ ሰው እዚያ ግቢ ውስጥ ሞልቷል። ኤስፒኤስኤስ ወይም ስታታ የሚባሉትን የመረጃ መተንተኛ ሶፍትዌሮች የሚያሳያችሁ ሰው ፈልጉ፣ ቡና ጋብዙ።

ባሕር ዳር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዩኒቨርሲቲው ከበቀለባቸው ሁለት ተቋማት አንዱ የቀድሞው የፔዳጎጂ አካዳሚ ነው። ግቢውን ሰው እስከ ዛሬ «ፔዳ» የሚለው ከዚያ የተነሳ ነው። በትምህርት ዘርፍ ሥር የሰደደ ቤት ነው። አዲስ አበባ ላይ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በትምህርት ፖሊሲና አመራር እስከ ዶክትሬት ያስተምራል። ኮተቤ ደግሞ ራሱን የቻለ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ ሆኗል።

የፕሮግራም ስም አያሳስታችሁ። ትምህርት ዕቅድና ሥራ አመራር፣ የትምህርት ቤት አመራር፣ የትምህርት አመራርና አስተዳደር የሚሉ ስሞች ታገኛላችሁ። ስሙን ትታችሁ የኮርስ ዝርዝሩን ጠይቁ። የትምህርት ኢኮኖሚክስ፣ የፖሊሲ ትንተና፣ የትምህርት ፋይናንስ ካለው ወደ ፖሊሲ ያደላል። ሱፐርቪዥን፣ የሰው ኃይል፣ የትምህርት ቤት ማሻሻል ከበዛበት ወደ አመራር ነው። በዚያው ዓመት ክፍሉ መከፈቱንም አረጋግጡ፤ አመልካች ሲያንስ ፕሮግራም ሳይከፈት የሚቀርበት ጊዜ አለ።

መደበኛ ትማሩ ወይስ በክረምት? ሥራችሁን ሳትለቁ የምትማሩ ከሆነ ክረምትና ኤክስቴንሽን ያዋጣል። የክረምቱ ይረዝማል፣ የትምህርት ጊዜው ሲጠብም ንባቡ በሩጫ ይሆናል። መደበኛው ጊዜ ይሰጣል፣ ኪስ ግን ያራቁታል። ሁለተኛ ደረጃ ላይ ር/መምህር ወይም ሱፐርቫይዘር ከሆናችሁና የምትፈልጉት ሙያዊ ብቃት ብቻ ከሆነ ደግሞ ፒጂዲኤስኤል የሚባለው የትምህርት ቤት አመራር የድህረ ምረቃ ዲፕሎማ አለ። እሱ ማስተርስ አይደለም። አንዱን በአንዱ ቦታ አታስቡ።

ውጭ አገርም የሁለቱ መንገድ ልዩነት አለ። ሃርቫርድ የትምህርት ትምህርት ቤት የአንድ ዓመት ማስተርሱን ሲከፋፍል የትምህርት ፖሊሲና ትንተናን ለብቻ፣ የትምህርት አመራርን ለብቻ ያስተምራል። እዚያው የሦስት ዓመት የትምህርት አመራር ዶክትሬት አለ፤ የትምህርት ክፍያው የተሸፈነ ሲሆን ሦስተኛው ዓመት ሙሉ በሥራ ቦታ የሚያልፍ ነው። አውሮፓ ላይ ደግሞ ግሎብኤድ የተባለውን የኢራስመስ ሙንዱስ ማስተርስ ተመልከቱት፤ ትኩረቱ የትምህርት ፖሊሲና ልማት ነው፣ ተማሪው ከአንድ አገር በላይ እየተዘዋወረ ይማራል። ዲግሪ ሳይሆን የዕቅድ ሥልጠና ለምትፈልጉ ፓሪስ ያለው የዩኔስኮ የትምህርት ዕቅድ ተቋም እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ ሥራው ይኸው ነው።

በርቀት የሚሰጥ የውጭ ዲግሪ ያማራችሁ እንደሆነ ክፍያ ከመክፈላችሁ በፊት የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ጋር ጠይቁ። የውጭ ዲግሪ አቻ ግምት የሚሰጠው እሱ ነው። አቻ ያልተሰጠው ዲግሪ ለዕድገት ስታቀርቡት ዋጋ የለውም።

አራተኛ፦ ፈተናና ወረቀት

አገር ውስጥ ማስተርስ ለመግባት አገር አቀፉን የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል። ጋት እንለዋለን። ምዝገባው በኢንተርኔት ነው። ጥሪውን በትምህርት ሚኒስቴር የፌስቡክና የቴሌግራም ገጽ ተከታተሉ፤ ቀኑ አጭር ነው፣ ኔትወርክ ደግሞ በመጨረሻው ቀን ይጠፋል። የቋንቋ፣ የቁጥርና የማመዛዘን ጥያቄ ይመጣል። ቋንቋና ታሪክ ያስተማራችሁ መምህራን የምትወድቁበት ቁጥሩ ነው። የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ሒሳብ መጽሐፍ አውጡ፦ መቶኛ፣ ጥምርታ፣ አማካይ፣ ግራፍ ማንበብ። ማታ ማታ ትንሽ ትንሽ ሥሩ።

ወረቀት ላይ አታዝግሙ። ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ከተማራችሁበት ሬጅስትራር እስኪወጣ ጊዜ ይወስዳል። ኮስት ሼሪንግ ያላወራረደ ሰው እዚያ ይቆማል። መሥሪያ ቤት የሚልካችሁ ከሆነ የስፖንሰር ደብዳቤና የውል ግዴታ አለ። ከመፈረማችሁ በፊት ስንት ዓመት እንደምታገለግሉና ውሉን ብታቋርጡ ምን እንደምትከፍሉ አንብቡት። ለውጭ ከሆነ ፓስፖርት ዛሬ ጀምሩ። አይኤልትስ የሚባለውን የእንግሊዝኛ ፈተና ለመፈተን አዲስ አበባ መውረድ አለባችሁ፤ ውጤቱ የሚሠራው ለሁለት ዓመት ነው፣ ስለዚህ እጅግ ቀድማችሁ አትፈተኑ። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲ በእንግሊዝኛ ስለመማራችሁ የሚገልጽ ደብዳቤ ይበቃዋል። መጀመሪያ እሱን ጠይቁ፣ ገንዘባችሁ ይተርፋል።

አምስተኛ፦ የዓላማ መግለጫው

ብዙ ጥሩ መምህር የሚጣለው እዚህ ላይ ነው። የተለመደው እንዲህ ይጀምራል፦ «ትምህርት የአንድ አገር ዕድገት ቁልፍ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ትምህርት እወዳለሁ።» ይህን ማንም ሊጽፈው ይችላል። አንባቢው ስለ እናንተ ምንም አላወቀም።

እንዲህ ብትሉስ? ለምሳሌ ያህል ነው፦ «በማስተምርበት የደምቢያ ትምህርት ቤት የ8ኛ ክፍል ወንዶች ከመስከረም እስከ ኅዳር ይጠፋሉ። መተማ ሰሊጥ አጨዳ ይሄዳሉ። ሲመለሱ ሴሚስተሩ ከግማሽ አልፏል። ሁለት ዓመት የስም መጥሪያ አገናዝቤ የጠፉት ልጆች በብዛት የሚወድቁት በሒሳብ መሆኑን አየሁ። ለር/መምህሩ የማካካሻ ክፍል ሐሳብ አቀረብኩ፤ ለአንድ ሴሚስተር ሞከርነው። የተማሪዎቹ ውጤት ተሻሻለ፣ መምህራኑ ግን ያለ ክፍያ መቀጠል አልቻሉም። አሁን ማወቅ የምፈልገው የትምህርት ካላንደርን ከአካባቢው የሥራ ወቅት ጋር ማስማማት ይቻላል ወይ የሚለውን ነው።»

ልዩነቱን ተመልከቱ። ቦታ አለው፣ መረጃ አለው፣ የተሞከረ ነገር አለው፣ ያልተሳካው ተነግሯል፣ ጥያቄም አለው። ሰሊጥ አያውቁም ብላችሁ አትስጉ። ሳሉግ የሚባለውን የቀን ሠራተኛ ሕይወት በሁለት ዓረፍተ ነገር አስረዱ፤ ከእናንተ በቀር የሚነግራቸው የለም። ከዚያ ለምን ያንን ዩኒቨርሲቲ እንደመረጣችሁ በኮርስ ስም ጠርታችሁ ጻፉ። «ታዋቂ ስለሆነ» የሚለውን ሰርዙት።

ደጋፊ ደብዳቤ ሌላው ጣጣ ነው። «ራስህ ጽፈህ አምጣልኝ፣ እፈርማለሁ» የሚለው ልማድ እኛ ጋ የተለመደ ነው። ውጭ ላይ ግን ደብዳቤውን ጸሐፊው ራሱ በኢንተርኔት ያስገባል፤ ብዙ ቦታ የመሥሪያ ቤት ኢሜይል ይፈለጋል። ለመካሪያችሁ አንድ ገጽ ማስታወሻ ስጡት፦ አብረን ምን ሠራን፣ የትኛውን ብትጠቅስልኝ እወዳለሁ፣ መቼ ይዘጋል። በትሕትና አስታውሱት፣ ግን አስታውሱት። ትልቅ ሥልጣን ያለው የማያውቃችሁ ሰው ከሚጽፈው፣ ክፍል ስታስተምሩ ቁጭ ብሎ ያያችሁ ሱፐርቫይዘር የሚጽፈው ይበልጣል።

ስድስተኛ፦ ገንዘብ

ለእንግሊዝ ቺቭኒንግ የሚባል ስኮላርሺፕ አለ። ቢያንስ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ማለትም 2,800 ሰዓት ይጠይቃል። አብዛኛውን ጊዜ ነሐሴ ተከፍቶ መስከረም መጨረሻ አካባቢ ይዘጋል፣ ማለትም ከትምህርት መክፈቻ ሩጫ ጋር ይጋጫል። ክረምቱን ጽፋችሁ ጨርሱት። ለአሜሪካ ፉልብራይት፣ ለአውሮፓ ኢራስመስ ሙንዱስ፣ ለጀርመን ዳድ። ኢራስመስ በብዛት ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ያስመዘግባል። ኮመንዌልዝ ላይ ጊዜ አታባክኑ፤ ኢትዮጵያ አባል አይደለችም። አካል ጉዳት ላለባችሁ ደግሞ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ራሱ ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን ጋር በአካል ጉዳተኛ ወጣቶች ላይ ያተኮረ የስኮላርሺፕ ፕሮግራም ይዟል።

ቺቭኒንግም ፉልብራይትም ተምራችሁ ስትጨርሱ አገራችሁ እንድትመለሱ ያስገድዳሉ፣ ሁለቱም የሁለት ዓመት ደንብ አላቸው። ለደላላ አንድ ብር አትስጡ። እነዚህ ስኮላርሺፖች ማመልከቻው ነፃ ነው፤ «ሰው አለኝ» የሚል ካጋጠማችሁ ሌባ ነው።

ሰባተኛ፦ ቴሲስ

አገራችን ውስጥ አንድ ቅርጽ አለ፣ ታውቁታላችሁ፦ «የእንዲህ ትግበራና ተግዳሮቶች፣ በተመረጡ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች»። «በጣም እስማማለሁ» እስከ «በጣም አልስማማም» የሚል መጠይቅ ይበተናል። አማካዩ 3 ምናምን ይመጣል። ማጠቃለያው «ሥልጠና ይሰጥ» ነው። ይህን በር ላይ ጥላችሁ ግቡ። ዲፌንስ ላይ ማንም አይከለክላችሁም፣ ግን ማንም አያነበውም።

ሰው ምን እንደሚያስብ ብቻ ሳይሆን ምን እንደሆነ ቁጠሩ። የስም መጥሪያ አለ። የሮስተር ውጤት አለ። ር/መምህር በስንት ዓመት እንደሚቀያየር የሚያሳይ የምደባ ደብዳቤ ፋይል ውስጥ ተኝቷል። በጎንደር ዙሪያ የሚጠኑ ነገሮች እጅግ ብዙ ናቸው፦ ፈረቃ የተማሪውን የመማሪያ ሰዓት ምን ያህል ይቆርጠዋል? በድርቅ በሚታወቀው በለሳ የትምህርት ቤት ምገባው ሲቆም ስንት ልጅ ይቀራል? ግጭት ትምህርት ያቋረጠባቸው ልጆች ሲመለሱ የትኛው ክፍል ይገባሉ፣ ማንስ ይወስናል? የመጨረሻው በጥንቃቄ የሚሠራ ነው። የሰው ስም፣ የትምህርት ቤት ስም አይውጣ፤ መንገዱ ጥሩ ካልሆነ አትሂዱ፣ ርዕስ ይቀየራል።

ራሳችሁ መረጃ መሰብሰብ ካቃታችሁ የተሰበሰበ አለ። ያንግ ላይቭስ የተባለው ጥናት አማራ ክልልን ጨምሮ በኢትዮጵያ ልጆችን እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ እየተከተለ መረጃውን ለተመራማሪ ክፍት አድርጓል። መስክ ሳይወጡ ጥሩ ቴሲስ ይሠራበታል።

የመተባበሪያ ደብዳቤውን ከዲፓርትመንት ወደ መምሪያ፣ ከመምሪያ ወደ ትምህርት ቤት በእጃችሁ አድርሱ። ፈተና ሳምንት ላይ መጠይቅ ይዛችሁ አትሂዱ። አድቫይዘራችሁ ሥራ የሚበዛበት ሰው ነው፤ 80 ገጽ አንድ ላይ አትላኩለት። በየጊዜው ጥቂት ገጽ፣ ከላይ ሁለት ግልጽ ጥያቄ።

ስምንተኛ፦ ሥራ

ማስተርስ ስላላችሁ ወንበር አይጠብቃችሁም። ር/መምህርነትና ሱፐርቫይዘርነት በውድድርና በምደባ ነው፤ የወረዳና የመምሪያ ክፍት ቦታ አሁንም ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። አልፎ አልፎ ብቅ በሉ። መምህርነት ላይ መቆየት የምትፈልጉም ብትሆኑ ከጀማሪ እስከ ከፍተኛ መሪ መምህር ያለውን የእድገት መሰላል ከወረቀቱ ጋር አገናዝቡት። የጎንደር መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ዓይነት ተቋም ለአሠልጣኝነት ማስተርስ ይፈልጋል። ማስተማር ለሚወድና ቢሮ ለሚያስጠላው ሰው ጥሩ ቦታ ነው።

ድርጅት ከሆነ ኢትዮጆብስንና ሪፖርተር ጋዜጣን ተከታተሉ። የዩኒሴፍ የመስክ ቢሮ ባሕር ዳር አለ፤ ሴቭ ዘ ቺልድረንም በአደጋ ጊዜ ትምህርት ላይ ይሠራል። የሚወጡት ቦታዎች የትምህርት ኦፊሰር፣ የክትትልና ግምገማ ባለሙያ የሚሉ ናቸው። ደመወዙ ይሻላል። ግን ኮንትራት ነው፤ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ እናንተም ታልቃላችሁ። ከመንግሥት ሥራ ስትለቁ ይህን ከቤተሰብ ጋር ተነጋገሩበት።

ድርጅቶች ከቃለ መጠይቅ በፊት የጽሑፍ ፈተና ይሰጣሉ። ብዙ ጊዜ የኤክሴል ሰንጠረዥ ይሰጣችሁና «የትኛው ወረዳ ቅድሚያ ይሰጠው? በአንድ ገጽ አስረዱ» ይባላል። የጠፋ ቁጥር፣ ሁለት ጊዜ የተጻፈ ትምህርት ቤት፣ ከተማሪ ብዛት የበለጠ የሴት ተማሪ ቁጥር ሆን ተብሎ ይገባበታል። ቴሲሳችሁን ስትሠሩ የተጠቀማችሁበትን መረጃ አውጡና ፒቮት ቴብል (የኤክሴል ማጠቃለያ ሰንጠረዥ) እየሠራችሁ ተለማመዱበት። መልሱን ስትጽፉ መጀመሪያ ወረዳውን ጥሩት፣ ከዚያ ምክንያቱን፣ በመጨረሻም ቁጥሩ ላይ ያያችሁትን ስህተት።